ከብት የሚልሰው ምሰሶ

አሰላ የገባሁት በጥቅምት መጨረሻ፣ ገብሱ ታጭዶ ስንዴው ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ለጠቅላይ ግዛቱ የሕንፃ ክፍል ተመድቤ ስሄድ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ ማስመሪያ፣ ቱንቢ፣ እንዲሁም አስተማሪዬ ሲሸኘኝ የሰጠኝ የብረት ውፍረት መለኪያ ነበረ። አንድ ሹራብ ብቻ መያዜ ስህተት መሆኑን የመጀመሪያው ማለዳ አሳየኝ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ብርድ አዲሴ አይደለም እል ነበር። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ግን ይህን ወሬ የሰማ አይመስልም።

አለቃዬ ከሸዋ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሰላም ወዳድ ሰው ነበሩ። የምደባ ደብዳቤዬን አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አሰላ ውስጥ የሚፈርስ ነገር ብዙ የለም። የሚበርድ ነገር ግን አለ። ካፖርት ግዛ» አሉኝ። ሥራዬንም ነገሩኝ። በከተማውና በወረዳዎቹ ያሉትን የመንግሥት ቤቶች እየዞርኩ ማየት፣ የሰነጠቀውንና የዘመመውን መመዝገብ ነው። ከዚያ አብረውኝ የሚሠሩትን ግንበኛ አስጠሩልኝ።

ግንበኛው ወደ ስድሳ የሚጠጉ የአርሲ ሰው ነበሩ፤ የተወለዱት ሮቤ በኩል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ንጹሕ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲደነቁ ወይም ሲናደዱ ግን ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ። በጣልያን ጊዜ ጎልማሳ ሳሉ ጠጠር ተሸክመው፣ አሸዋ ነፍተው፣ በመጨረሻም ከአንድ ጣልያን ግንበኛ ሥር ሆነው ሙያውን ተምረዋል። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ማርቴሎ የሚሏት አንዲት ትንሽ መዶሻ ከእጃቸው አትለይም ነበር። የደረሱበትን ምሰሶ ሁሉ በእርሷ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጋሉ።

«ጤነኛ አርማታ እንደ ድንጋይ ይመልሳል» ይሉኝ ነበር። «ውስጡ የተላቀቀ ከሆነ እንደ ባዶ ቅል ነው።»

እኔ ፈገግ እላለሁ። በትምህርት ቤት መለካት እንጂ ማዳመጥ አልተማርኩም።

የከተማው ቤት አብዛኛው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ከእነዚህ መሐል ለብቻው የቆመው ትምህርት ቤቱ ነው። ጣልያን ዕቃ ማከማቻ ብሎ የሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሲሆን፣ ምሰሶውም ወለሉም አርማታ ነው፤ ፌሮ የምንለው ብረት ተዘርግቶ ስሚንቶና ጠጠር የተሞላበት። ታች ሦስት ክፍልና አንድ ዕቃ ቤት፣ ላይ አራት ክፍል አለው። ዳይሬክተሩ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ጥብቅ፣ ቀጥ ያሉ፣ ኮታቸውን በጠራራ ፀሐይ እንኳ የማያወልቁ። ይህን ቤት ለማግኘት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንተዋል። ከዚያ በፊት ተማሪዎቹ በሚያፈስ የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር የሚማሩት። መጀመሪያ ቀን ደረጃውን እየመሩኝ ሲወጡ በየእርምጃው የደረጃውን ድጋፍ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር፤ ሰው የገዛ ፈረሱን አንገት እንደሚዳብስ።

«እዚህ አገር ልጅ ወደ ላይ ወጥቶ የሚማርበት ቤት ይህ ብቻ ነው» አሉኝ። «በደንብ ተመልከተው።»

በደንብ ተመለከትኩት። በኖራ በተቀባው ነጭ ግድግዳ ላይ አንዳንድ ቦታ ቡናማ መስመር አየሁ። ሻይ ፈስሶ የደረቀበት ይመስላል። አጠገቡ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። አስተማሪዬ ስለዚህ ነገር ደጋግሞ ነግሮን ነበር። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጣ ስሚንቶውን እንደ ሽብልቅ ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። ከውጭ የሚታየው ቀጭን ስንጥቅና ቡናማ እንባ ብቻ ነው።

ግን ስንጥቅ ሁሉ ከዝገት አይመጣም። አንዳንዱ የልስን መድረቅ ነው፤ ከልጅነቱ ያለ፣ የማያድግ። የትኛው እንደሚያድግ ለማወቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከተሰበረ የመስኮት መስታወት ጣት የሚያክሉ ቁራጮች ቆርጬ፣ በሰባት ስንጥቆች ላይ እንደ ድልድይ አጋድሜ በጀሶ ለጠፍኳቸው። መስታወት አይለጠጥም። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢሰፋ ይሰበራል። በእያንዳንዱ ጎን ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩ። ከዚያ በየሰኞው እየሄድኩ አይ ጀመር። ተማሪዎቹ «ባለመስታወቱ መጣ» ይባባላሉ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ደግሞ መስታወቶቹን ለክፉ ዓይን መከላከያ ያደረግኳቸው መስሎት አንድ ለቤቱ እንድሰጠው ጠየቀኝ።

ግንበኛው በዚያው ሰሞን ለክሊኒክ መሠረት ሥራ ወደ ጮሌ ተላኩ፤ እስከ የካቲት አልተመለሱም። ብቻዬን ቀረሁ ማለት ነው።

ከሰባቱ መስታወት አምስቱ አልተነኩም። በጓሮ በኩል፣ በማዕዘኑ ምሰሶ ላይ የለጠፍኳቸው ሁለቱ ግን በሁለተኛው ሳምንት ተሰበሩ። ደነገጥኩ። ጥበቃውን ጠራሁት።

«ከብት ነዋ ጌታዬ» አለኝ። «በገበያ ቀን ባላገሩ በሬውንም ፈረሱንም እዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ያስራል። ከብቱ ደግሞ ከዚያ ምሰሶ አይርቅም። ስናባርር ነው የምንውለው።»

በገበያ ቀን ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። አንድ ቀይ በሬ አፍንጫውን ምሰሶው ላይ ደግፎ ይልሳል። የምሰሶው ግርጌ እስከ ሰው ጉልበት ድረስ ኖራው ጠፍቶ፣ ሙልጭ ብሎ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። አዲስ መስታወት ለጠፍኩ፤ ተሰበረ። ከፍ አድርጌ፣ በሰው ደረት ልክ ለጠፍኩ፤ ያም ተሰበረ። ፈረስ አንገቱ ረጅም ነው አልኩ። በመዝገቤ ላይ ሦስቱንም ጊዜ «በከብት ተሰበረ» ብዬ ጻፍኩና ያን ምሰሶ ተውኩት።

በጥር በታችኛው ፎቅ መካከል ያለው ምሰሶ ላይ ያለው መስታወት ተሰበረ። እዚያ ከብት አይገባም። ስንጥቁም ከሁሉ ይረዝማል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው። ብረቱ ዝጓልና ምሰሶውን ፈልፍለን እንይ የሚል ባለ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፌ ለአለቃዬ አቀረብኩ። ሪፖርቱ ውስጥ ያወቅኩትን ቃል ሁሉ ጨምሬበታለሁ። አለቃዬ እስከ መጨረሻው ያነበቡት አይመስለኝም፤ ነገሩ ግን አሳሰባቸው።

በየካቲት፣ በቀጠሮው ቀን አለቃዬ መጡ፣ ዳይሬክተሩ መጡ፣ አስተማሪዎቹም ተሰበሰቡ። ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው በመስኮት ያያሉ። ግንበኛውም በዋዜማው ከጮሌ ተመልሰው ነበር። መሮውን ከማንሳታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ በማርቴሎዋ ኳ ኳ አደረጉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ይህ ደህና ነው» አሉኝ።

«መስታወቱ ተሰብሯል እኮ» አልኩ።

«በሩ ሲዘጋ ሰብሮት ይሆናል። ምሰሶው ደህና ነው።»

ያን ጊዜ «ቆዩ፣ ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ ይህ ቃል ከአፌ አልወጣም። «ግድ የለም፣ ይፈልፍሉት» አልኳቸው። መሮውን አነሡ። ፈለፈሉ። ልስኑ ሲነሳ ስንጥቁም አብሮ ተነሳ፤ ከልስኑ አልፎ አንድ ጣት እንኳ አልዘለቀም። ከዚያም በኋላ ስሚንቶው ጠንክሮ መሮውን አስቸገረው። በመጨረሻ ብረቱ ወጣ። ትናንት ከመደብር የተገዛ ይመስላል፤ ሰማያዊ ጥቁር፣ ጠብታ ዝገት የለበትም።

አለቃዬ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብረቱ ከኛ ይልቅ ጤነኛ ነው» አሉ። አስተማሪዎቹ ሳቁ። ዳይሬክተሩ አልሳቁም።

«ልጆቼን ከትምህርት አስወጣህ» አሉኝ። «ምሰሶዬን ቀደድክ። አሁን ይህን ማን ይደፍነዋል?»

«እኔ በእጄ እደፍነዋለሁ» አልኩ። ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ትምህርት የለም። ግንበኛው ስሚንቶውን እያቦኩልኝ እኔ እየደፈንኩ እስከ ረፋድ ሠራን። ስለ ትናንቱ አንዲት ቃል አላነሱም። ሲጨርሱ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ወጡ። ቢቆዩብኝ ተከተልኳቸው። ከማዕዘኑ ምሰሶ ፊት ቆመው፣ እጃቸው ውሃ እያንጠበጠበ፣ ሁለት በሬዎችና አንድ ባዝራ ተጋፍተው ሲልሱ ያያሉ። የበሬዎቹ ባለቤት አጠገባቸው ቆሟል። በኦሮምኛ ጠየቁት፤ እሱም እየሳቀ መለሰላቸው። ዞረው ተረጎሙልኝ።

«እዚህ ሲደርስ በሬው እግሩን ይተክላል፣ ገበያው ካልራቀ ይቅር ብዬ ተውኩት ነው የሚለው። አባቱም በሬ ሲነዱ እንዲሁ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ እኔንም መስታወት አስፈጁኝ» አልኩ።

አልሰሙኝም። በሬውን በትከሻው ገፋ አድርገው ወደ ምሰሶው ተጠጉ። እርጥብ ጣታቸውን ከበሬው ምላስ በላይ ባለው ምሰሶ ላይ ፈተጉና አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሶጊዳ!» አሉ። «ጨው ነው! ና፣ ቅመስ።»

ቀመስኩ። ጨው ነው።

ግንበኛው ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ መንግሥት ቤቱን እስኪረከበው ድረስ ላሉት ዓመታት፣ አንድ ነጋዴ የጨው መጋዘን አድርጎት ነበር። ከአሰብ በከባድ መኪና የሚመጣውን ጨው ካራገፉት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ጆንያው የሚደረደረው እዚህ ማዕዘን ላይ ነው፤ እስከ ጣሪያው ድረስ። በላዩ ያለው አሸንዳ ተሰብሮ ስለነበር ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በግድግዳው ሰርጎ ጆንያውን ያርሰዋል። የጨው ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል።

«እግራችን እየተሰነጠቀ ይደማ ነበር» አሉ። «የኛን እግር የበላ ጨው ብረቱን ይተወዋል? ሳውቀው! እኔ ሽማግሌው ሳውቀው ረሳሁት።»

ተነሡና ምሰሶውን በማርቴሎዋ መቱት። የዚያን ቀን ልዩነቱን ጆሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ባዶ ቅል ነው። መዝገቤን ከኪሴ አወጣሁ። በሦስት ገጽ ላይ፣ በራሴ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ «በከብት ተሰበረ» ይላል። መስታወቱ ሦስት ጊዜ ነግሮኝ እኔ ሦስቱንም ጊዜ በበሬ አሳብቤያለሁ። ገጾቹን ቀድጄ መጣል አማረኝ። ግንበኛው አዩኝና፣

«አትቅደደው» አሉ። «ከሥሩ እውነቱን ጻፍ።»

አሁን የቀረው ለዳይሬክተሩ መንገር ነው። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ ከሁሉ የማልመች ሰው እኔ ነበርኩ። ግንበኛው ግን፣ «ሰው አንሰብስብ። እሳቸውን ብቻ እንጥራ» አሉ። ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ሄድን። ዳይሬክተሩ ግንበኛውን አስቀመጡ፤ እኔን ቆሜ ተዉኝ።

«ደግሞ የቱን ምሰሶ ልትቀድ ነው?» አሉኝ።

«አልቀድም። በእጄ ብቻ ነው የምነካው። ካልመሰለዎት እመለሳለሁ።»

ተከትለውን ወደ ጓሮ መጡ። እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። መሮም አላስፈለገኝም። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ከትቼ ስስበው መጽሐፍ የሚያህል ስሚንቶ ተላቅቆ እጄ ላይ ቀረ። ከኋላው ብረቱ ታየ፤ ብረት ከተባለ። እንደ ዛፍ ቅርፊት ተደራርቦ የሚነሳ ቀይ ነገር ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ የቀረውን ለካሁት። ሲሠራ የአውራ ጣት ውፍረት የነበረው ፌሮ የእርሳስ ያህል ቀርቷል። ማመን አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ለካሁት።

ዳይሬክተሩ አንዱን ቅርፊት አንስተው በጣታቸው መሐል አሹት። እንደ ደረቅ ቅጠል ደቀቀ። ከራሳችን በላይ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በኅብረት እየደገሙ ነው፤ ድምፃቸው በመስኮቱ በኩል ይሰማል። ዳይሬክተሩ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ።

«ስድስተኛ ክፍል ነው» አሉ፤ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ጊዜ አለን?»

«አላውቅም።»

«የተማርከው ይህንን አይደለም እንዴ?»

«ዛሬ ሊሆን ይችላል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። ልዋሽዎት አልፈልግም። አላውቅም።»

ዳይሬክተሩ ኮታቸውን ቆለፉና ወደ ደረጃው ሄዱ። ስንከተላቸው በእጃቸው ከለከሉን። ድምፃቸውን ከታች ሰማን፤ አልጮኹም፣ አልተቻኮሉም። «መጽሐፋችሁን ያዙ። ከኋላ ወንበር ያላችሁ ቅድሚያ። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁ። የሚሮጥ ልጅ እንዳላይ።» ልጆቹ እየተሳሳቁ ወረዱ፤ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። አራቱም ክፍል ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ጥቁር ሰሌዳውን ብቻቸውን ተሸክመው፣ በጎናቸው ደረጃውን ሲወርዱ አየኋቸው። ግንበኛው ሮጠው ሌላውን ጫፍ ያዙላቸው።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ዘንድ ሄድን። አለቃዬ አዲስ አበባ ደብዳቤ ተጽፎ መልስ እስኪመጣ ድረስ ቤቱን መዝጋት ሥልጣናቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ባለፈው ሳምንት በእኔ ምክንያት ተሥቆባቸዋል።

ዳይሬክተሩ፣ «ደብዳቤው ይጻፍ» አሉ። «መልሱም በጊዜው ይምጣ። ልጆቹ ግን መልሱን መሬት ላይ ሆነው ይጠብቁታል።»

አለቃዬ ይህን ከሰሙ በኋላ ብዙ አልተከራከሩም። ደብዳቤውን በዚያው ቀን ፈረሙ፤ ለድጋፍ የሚሆን የባሕር ዛፍ አጠናም ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሰጡን። ግንበኛውና እኔ ከሦስት የቀን ሠራተኞች ጋር በማዕዘኑ ያለውን የታች ዕቃ ቤት ባዶ አድርገን የላይኛውን ወለል ከሥር በአጠና ደገፍነው። አሥራ ስድስት አጠና አቆምን። በዙሪያው አጥር አጠርን፤ ከብቱም ሰውም እንዳይጠጋ።

ያ በልግ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ላይኛው ፎቅ ሲዘጋ ሁለት ክፍል በአንድ የእህል ጎተራ ውስጥ ገባ፤ ልጆቹ በአቧራው እያስነጠሱ ይማራሉ። ሁለቱ ክፍል ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበተናል። ወላጆች መጥተው፣ «ከጭቃ ቤት አወጣችኋቸው ስንል ዛፍ ሥር አወረዳችኋቸው?» ይላሉ። ቤቱ እንደሆነ አልወደቀም። ቀጥ ብሎ፣ በነጭ ኖራው አምሮ ቆሟል። በከተማው «የበሬው መሐንዲስ» የሚል ስም ወጣልኝ። ሻይ ቤት ስገባ አንዱ በሬ ሲያገሳ ያስመስላል፤ ሌላው ይስቃል። እኔም ሻይዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ዳይሬክተሩ ከሰላምታ በቀር አያናግሩኝም። ቅር ያላቸው በእኔ ይሁን በቤቱ አላውቅም ነበር።

የማዕዘኑን ምሰሶ መከታተሌን ግን አላቋረጥኩም። አጥሩ ከታጠረ ወዲህ ከብት አይደርስበትም። አራት መስታወት ለጠፍኩ። በመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ሁለቱ ተሰበሩ፤ በሚያዝያ የቀሩት። በሌሎቹ ምሰሶዎች ላይ ያሉት እንዳሉ ናቸው። እያንዳንዱን ጻፍኩ። አንዳንድ ሌሊት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቤቱ ቢወድቅና ሰው ሁሉ ቢያምነኝ ብዬ ተመኝቼ አውቃለሁ። ጠዋት ስነሣ በዚህ ምኞቴ አፍራለሁ።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ ቀን ከባድ በረዶ ጣለ። በማግሥቱ ጠዋት ጥበቃው እየሮጠ ቢሮ ድረስ መጣ። «ምሰሶው ጮኸ!» አለ፤ ሌላ ቃል አልነበረውም። ግንበኛውን ይዤ ሄድኩ። በረዶው ገና በየጥጉ ተከምሮ ነጭ ነው። የማዕዘኑ ምሰሶ በወገቡ ላይ ተፈርክሷል። የላይኛው ወለል በዚያ በኩል አራት ጣት ያህል ወርዶ በእኛ አጠናዎች ላይ ተኝቷል። ሁለት አጠና እንደ ቀስት ጎብጧል፤ የቀሩት ይዘዋል። ሌላ የወደቀ ነገር የለም።

ዳይሬክተሩ ከእኛ ቀድመው ደርሰው ነበር። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፣ አጥሩ አጠገብ ቆመዋል። የስድስተኛ ክፍል መስኮት ከነወለሉ ወደ ማዕዘኑ አዘንብሎ ይታያል።

«የመጨረሻው ወንበር እዚያ ላይ ነበር» አሉ ዳይሬክተሩ። «ሦስት ልጅ ይቀመጥበታል።»

ግንበኛው በዝግታ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ዳይሬክተሩ ጃንጥላቸውን አጠፉና ክንዴን ያዙኝ፤ ጠበቅ አድርገው።

«ቁርስ በልተሃል?» አሉኝ።

«አልበላሁም።»

«እርስዎስ?» አሉ ግንበኛውን።

ሁለታችንንም ይዘውን ቤታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው በትልቅ ገበታ ትኩስ የገብስ ቂንጬ በቅቤ አቀረቡልን፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ማንም ምንም አላወራም። ስለ በረዶው ተወራ፣ ስለ ስንዴው ተወራ። እኔ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

ቤቱን ያፈረስነው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በመዶሻ የመታነው ጤነኛው ምሰሶ እጅግ አስቸገረን፤ ለአንዱ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የማዕዘኑ ግን በአንድ ጠዋት ተበተነ። ውስጡ ከነበሩት አራት ብረቶች ሁለቱ ከመሐላቸው ፈጽመው ተቆርጠው አገኘናቸው፤ ጫፋቸው እንደ ተበላ ጥርስ ሹል ነበር። በቦታው ከድንጋይ የተሠራ፣ ፎቅ የሌለው፣ ረጅም ቤት ተሠራ። ዳይሬክተሩ ሲመረቅ ንግግር አላደረጉም። በዚያው ዓመት የስዕልና የልኬት ትምህርት ለስድስተኛ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን እንድሰጥ ጠየቁኝና ተስማማሁ።

አለቃዬ ከዚያ ወዲህ ግንበኛውንና እኔን በየወረዳው ይልኩን ጀመር። ጣልያን የሠራቸውን ድልድዮች፣ የውሃ ገንዳዎች፣ የቢሮ ቤቶች ሁሉ እንድናይ ነው። ወደ ሮቤና ወደ ጮሌ በበቅሎ፣ ወደ አቦምሳ በጭነት መኪና ላይ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ዞርን። ሰዎች ጉድ ያገኘን ይመስላቸዋል። ያገኘነው ግን አብዛኛው ደህና ነበር። ምሰሶ መትተን፣ ስንጥቅ ለክተን፣ ብረት ገልጠን፣ እንደገና ደፍነን እንመለሳለን።

በሁለተኛው ዓመት ግንበኛው ፊደል እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። «አንተ ትዛወራለህ» አሉኝ። «ከሄድክ በኋላ ያየሁትን ማን ይጽፍልኛል?» በየምሽቱ፣ ባረፍንበት ሁሉ፣ አንድ ገጽ እንሠራ ነበር። እጃቸው ለመሮ የተሠራ ነውና እርሳስ ይሰብራሉ፤ ፊደሉን ሲጽፉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሃያ ዓመት ግንበኛ «ሀ»ን ጠማማ ስለ ጻፈ የሚናደደውን ያህል ሰው ሲናደድ አላየሁም።

አንድ ቀን በጮሌ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ድልድይ ደረስን። በደረታቸው ተኝተው ከሥር መቷት፤ አዳመጡ። ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና መዝገቡን ከእጄ ወሰዱ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሰጥተውኝ ሳየው በትልልቅ ፊደል፣ ከመስመሩ ወርዶ፣ «ደህና ነች» ይላል። ከሥሩ ቀኑን እኔ ጨመርኩ። በቅሎዎቻችን ላይ ተቀምጠን ዝናቡ ሳይመጣ ጮሌ ለመድረስ ጉዟችንን ቀጠልን።